ይለፍ

ከታርቱ ስነሳ ገና አልነጋም ነበር፤
በአውቶቡሱ መስኮት በረዶ ሲጋገር፣
ጭኔ ላይ ሻንጣዬ፣ ሻንጣው ውስጥ ኬብል፣
የተገመጠ ፖም በመሐረብ ጥቅልል።
የሥራ ትእዛዙ አጭር ነው፦
«ሙስትቬ፣ የበረዶ ጥናት ጣቢያ።
አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ይያያዙ።
እስከ ማታ።»

እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ሁሉም በየፊናው፤
የጥር ውፍረት አንዱ ጋ፣ የየካቲት ሌላው፣
የዘንድሮ ስንጥቅ ምድር ቤት ተቀብሮ፣
የአምናው ደግሞ ፎቅ ላይ በፓስወርድ ታስሮ።
ሐይቁ አንድ ሐይቅ ነው፣ በረዶውም አንድ፤
መዝገቡ ግን ሆኗል የአሥራ ሁለት ዘመድ
የርስት ክርክር።

ከምድር ቤት ጀመርኩ።
ፕሮግራሙን ጫንኩት፣ የሰርቨሩን ስም ጻፍኩ፤
አንዲት ነጥብ ረሳሁ፣ አጠፋሁ፣ ደገምኩ።
«ዳግም ይነሳ ወይ?»
«አዎ፣ ይነሳ» አልኩ።
እስኪነሳ ድረስ መዳፌን አሞቅኩ
በማሽኑ ትንፋሽ።
ሲነሳ፣ ስክሪኑ ላይ፣ በግራ በኩል፣
ትናንት ያልነበረች አንዲት ፎልደር
እንደ ጎረቤት ልጅ ብቅ አለች።
ከፈትኳት። የሠላሳ ዓመት ክረምት እዚያ አለ።
ማሽኑ ራሱ ምንም አልያዘም፤
የሩቁን እንደ ቤቱ ያያል እንጂ።

ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው አልኩ፤
ስምንተኛው ላይ ቁጥር አሳሳትኩ።
ቫይኬ ሾርባ ሰጠችኝ፣ ቆሜ ተጎነጨሁ፤
ዓሣው ከዚያው ሐይቅ ነው፣ እሾሁን አወጣሁ።
አሥራ አንድ አለቀ።

አሥራ ሁለተኛው የዩሎ ክፍል ነው።
ጓንቱ መስኮቱ ላይ፣ መሰርሰሪያው ጥግ፣
ወንበሩ ወደ በር እንደዞረ።
በኅዳር ነው፣ አሉ፣ ያረፈው።
ጫንኩ። ስም ጻፍኩ።
«ዳግም ይነሳ ወይ?»
ጣቴ ጥቂት ዘገየች።

ተነሳ፤ ፎልደሯ ግን አልመጣችም።
ሰርቨሩን አንኳኳሁ፣ በአንድ መስመር መለሰ፦
«ሰዓታችን አይገጥምም።»
አየሁት። ሰባት ደቂቃ ይቀድማል።
የእኛ ሰርቨር ደግሞ ከአምስት በላይ አይታገሥም፤
የቀደመም ይሁን ወደ ኋላ የቀረ፣
አሮጌ ወረቀት ይዞ የመጣ ሌባ ይመስለዋል።

ላስተካክል እጄን ስሰድ፣ ቫይኬ ከበሩ፦
«ተወው፣ ራይት። እሱ ነው ያስቀደመው።
የአሥር ተኩሉ አውቶቡስ ሁለቴ አመለጠው፤
ሁለቴ በእግሩ ገባ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣
በዚያ ብርድ።
ሦስተኛ አላመለጠውም።»

ዝም አልኩ።
የይለፍ ቃሉን ደግሜ ጻፍኩት፣ ሞኝነቴ፤
ያው መልስ፣ ያው መስመር።
ሰውየው ካለፈ ሦስት ወር አለፈው፤
ሰዓቱ ነው እንጂ ይለፍ የቸገረው።

«አራት ይበቃው ነበር?» አልኳት በመጨረሻ።
በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከበሩ እስከ ፌርማታው፣
ደረጃውን፣ አጥሩን፣ የሚያዳልጠውን መታጠፊያ።
«ከሮጠ፣ ይደርሳል።»

ከሰባቱ ላይ ሦስት ቀነስኩ።
ሰዓት አራሚውን አጠፋሁት፣
ይህን በሪፖርቴ አልጻፍኩም።
ሰርቨሩ ትንሽ አመነታ፤ አሳለፈው።
ፎልደሯ ብቅ አለች፣ ክረምቱን ሁሉ አዝላ።
ቫይኬ አላየቻትም። ሰዓቱን ነበር የምታየው።

ማሽን ነው፣ ሰዓቱ ቀስ እያለ ይሸሻል፤
አንድ ቀን አምስትን ያልፋል።
ይደውላሉ። እመጣለሁ።

«አሥር ተኩል ሆኗል!» አለች፣ ከስክሪኑ አንብባ፣
«አውቶቡስህ!»
ሻንጣዬን ሳልዘጋ ሮጥኩ፤
ደረጃውን፣ አጥሩን፣
መታጠፊያው ላይ አንዴ ወድቄ ተነሳሁ።
ፌርማታው ላይ ማንም የለም፤ አውቶቡሱም ገና ነው።
በረዶው ላይ ቆሜ
የቀረውን ፖም በላሁ።