ከአምስት ስንት?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሌዋርደን ከተማ፣
ዝናቡ ውጭ ቆሞ ከብስክሌት ሲስማማ፣
እኔ ከሱቁ ውስጥ፣ ከአይብ መደብ ማዶ፣
አረንጓዴ ሽርጥ እስከ ጉልበቴ ወርዶ፣
ትሪ ይዤ ቆምኩኝ።
                በትሪው ላይ ዳቦ፣
በጣት ልክ ተቆርጦ፣ በቅቤ ታጅቦ፤
ሦስት እጁ ስንዴ፣ አንድ እጁ ፌንጣ ነው።
አለቃዬ ሪንሰ ያዘዘኝ ይህን ነው፦
"አስቀድመሽ አቅምሺ፣ አስከትለሽ ጠይቂ፤
ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ አንቺ ግን አትሳቂ፤
ከአንድ እስከ አምስት ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ፤
እምቢ ያለሽን ሰው በፈገግታ እለፊ።"

የመጀመሪያዋ ሴት ትሪውን አየችው፣
ምን እንዳለበት ስነግራት እጇን ሰበሰበችው፣
ነክቶት እንደሆነ ገልብጣ አየችው።
"ስድስት እግር ያለው እኔ አልበላም" አለች፤
ግማሽ ኪሎ ሽሪምፕ በዘንቢል ይዛለች።
የሽሪምፕን እግር ቆጥሬ አላውቅም ነበር።
አስር ነው። ቤት ገብቼ አየሁት፣ ስቆጥር።

ጡንቸኛው ጎረምሳ ፕሮቲኑን ጠየቀ፣
ግራሙን ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ፣
ሁለት ጎርሶ ዋጠ፣ "አምስት" ብሎ ራቀ።
ስለ ጣዕሙ ግን ምንም አልነገረኝም፤
ክኒን የሚውጥ ሰው ጣዕም አይገደውም።

ሹርድ የሚባሉ፣ ድሮ ዓሣ አጥማጅ የነበሩ፣
መነጽር አውልቀው ቁራሹን መረመሩ፦
"አያቴ ሽሪምፑን ለዳክዬ ነው የሚበትነው፤
ዛሬ በነጭ ሳህን፣ በሎሚ የሚቀርበው!
ጊዜ ነው፣ ልጄ፣ ጊዜ! ጊዜ ያስለምዳል፤
አባት የተፋውን ልጅ መርቆ ይበላል።"
"እንግዲያውስ ይቅመሱ" ብዬ ባቀርብላቸው፣
"እኔማ አርጅቻለሁ" አሉ፣ ትሪውን ገፋ አድርገው።

ከሰዓት በኋላ
ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ መጣችና፣
ሳትጠይቅ አነሳች፣ አላመጠችና፣
"ለውዝ ለውዝ ይላል!" ብላ፣ ልትደግም እጇን ስትሰድ
                                   እናት ደረሰች።
ቃል አልተናገረች።
ከንፈሯን ብቻ ነው ትንሽ ያጣመመች።
ልጅቷ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አነበበች፤
አነበበች፣
ገባት፣
በመዳፏም ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ተፋች።
በቅጼ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም።
ልጅ አይጠየቅም። እሷን አልጻፍኳትም።

ማታ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ቅጾቹን ደመርኩኝ፤
ከስድሳ አንድ ሰዎች አርባው አራት ሰጡኝ።
ሪንሰ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ፣
"ሕዝቡ ተለውጧል!" አለ በእርካታ፤
ለዋናው ቢሮ ሊያበስር ሮጠ፣ በዚያው ማታ።

እኔ ልጠርግ ቀረሁ።
ከወተቱ ማቀዝቀዣ ጎን የቆሻሻው ቅርጫት
ናፕኪን ሞልቶበታል፤ በሥርዓት የታጠፈ፣
እንደ ደብዳቤ የታሸገ፣ ጥግ ጥጉ የተነጠፈ።
አንዱን ስፈታው ዳቦ፤ ሌላውም፤ ሌላውም፤
ገሚሱን ጥርስ ነክቶታል፣ ገሚሱን አልነካውም።
ሠላሳ ሁለት ቆጠርኩ።
ብቅል ባይኖር እንኳ፣ መጠጥ ባይኖር እንኳ፣
ሆድ ያባውን ነገር ቅርጫት ያወጣል ለካ!
አራት የሰጡትስ ለቆመው እግሬ ነው፣
ቀኑን ሙሉ ሳይከደን ለዋለው ጥርሴ ነው፤
ፌንጣው ምን አገባው?

ለሪንሰ አልነገርኩም። ቅርጫቱን ደፋሁት።
ከትሪው የተረፈች አንዲት ቁራሽ አየሁ፣
በናፕኪን ጠቀለልኳት፣ ከኪሴ ከተትኳት፤
"ይጣፍጣል" ስል የዋልኩ፣ እኔም አልቀመስኳት።

አውቶቡሱ ባዶ ነው። የሚያየኝ ሰው የለም፤
ከሾፌሩ በቀር፣ እሱም ዞሮ አያይም።
አፌ ውስጥ አስገባሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩና።
ጉሮሮዬ ቆመ፣
ቆመ፣
     አሳለፈና፣
ልክ ነበረች ልጅቷ። ለውዝ ለውዝ ይላል።
ዓይኔን ስገልጥ ግን፣ በጨለመው መስኮት
ከንፈሬን አየሁት፦
ትንሽ ተጣሟል።