አትምታ

ይማም ጎበዜን የማውቀው፣ ገና ጺሙ ሳይወጣ፣
ከሮብ ገበያ ጓሮ ጊታሩን ሲቀጣ።
ስፒከሩ የተቀደደ፣ ጄኔሬተሩ የሰው፣
ድምፁ ግን የእኛ ነበር፤ ጦሳን የሚያስነጥሰው።
አንድ ጥቁር ጃኬት ነበረን፣ በተራ የምንለብሰው።

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ሥራዬ መምታት ነው።
መዳፌ ተልጦ ሲደማ ይማም ዞሮ ሲያየው፣
«ጨምር!» ይለኝ ነበር።
ስጨምር፣ ስጨምር፣
የሆቴሉ መስታወት ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰበር፣
ባለቤቱ ሲሳደብ፣ ልጃገረድ ስታብድ፣
ይኸው ነበር ደስታ፤ ሌላ አናውቅም መንገድ።

ከዚያ አባቱ ሞቱ።
ይማም ሳይሰናበት ሐረጎን ወረደ።
ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ መጋዘን ተከራየ አሉ፤ ጸጉሩን ተላጨ፤ አበደ።
መስጊድ ገባ አሉ፤ ገዳም ገባ አሉ፤
(በወሎ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ያምራሉ።)

በዘጠነኛው ወር አስጠራኝ። ሄድኩለት፣
አዲስ ቆዳ ወጥሬ፣ ልቤ እየዘለለበት።
መጋዘኑ ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ጃኬቱ የለም።
ጥጉ ላይ፣ ከሠርግ ቤት የተረፈ ኦርጋን፤ ሁለት ጥርሱም የለም።
ጊታሩን አነሣ። ጠበቅሁት እንዲያገሣ።
አንድ ክር ነካ፤
ጣቱ እሳት እንደ ነካ ደንግጦ ተነሣ።
ከዚያ ዘፈነ፤ ግን በዚያ በምናውቀው አይደለም ጉሮሮ፣
በቀጭን፣ በተሰነጠቀ፣ ሰዓቱን ስቶ እንደ ነቃ አውራ ዶሮ።

«ሶል ነው» አለኝ፤ «ነፍስ ማለት ነው በእነሱ አፍ።»
«በእኛስ አፍ?» አልኩት። መልሱ፣
ባቲን ጀምሮ፣ መሐል ላይ አንድ ድምፅ ገድፎ መመለሱ።
የጎደለችው ድምፅ ግን ክፍሉ ውስጥ ቆመች፣
ተቀመጪ እንዳላሏት እንግዳ እየተቁለጨለጨች።

ዱላዬን አነሣሁ። «አትምታ» አለኝ።
«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»
«ልትመታ ስትል ያለችውን ትንፋሽ፣ እሷን ብቻ ስጠኝ።»
ሦስት ወር ሙሉ እጄን አየር ላይ ሰቅዬ፣
ስጠብቅ ከረምኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከበሮ መቺ ተብዬ።

ስድስተኛው ዘፈን ላይ፣ ከባሱ ሥር የሚሰማው የበር ማጠፊያ አይደለም፤
ያባቱ ሳል ነው፣ በስልክ የቀረጸው፣ ሊነጋ ሲል፣ ሲደክም።
«ሰው ያባቱን መልክ ያስላል፤ እኔ» አለኝ፣ «ሳሉን አስቀረሁ።»
ሌላ አልጠየቅሁም። የምመታበት ቦታ መጣ፤ አየሁት፤ አሳለፍሁ።

ምርቃቱ ደሴ ነበር፣ በወጣቶች ማዕከል።
የጥንቶቹ መጡ፣ አንገት ለመነቅነቅ፣ ለመዝለል።
የመጀመሪያው አለቀ፤ ማለቁን ማን አወቀ?
በሁለተኛው አንዱ ጮኸ፦ «ጊታሩ የት ወደቀ?»
በሦስተኛው ወንበር ተንቋቋ፤ ግማሹ ወጣ፣
የከፈለባትን ሃምሳ ብር እያነሣ፣ እየተቆጣ።
በስድስተኛው፣
ከኋላ ረድፍ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሳያስበው፣ ሳለ።
ሁለት ሳል ሆነ፤ አንዱ የሌለ፣ አንዱ ያለ።
ከዚያ ወዲያ የወጣ ሰው አላየሁም፤ ያጨበጨበም ግን የለ።

ጭጋጉ ፒያሳን ውጦት ነበር ስንወጣ።
«ተቀየምከኝ?» አለኝ።
«አዎ» አልኩት። ያን ጩኸታችንን ሳስብ፣ ዛሬም ይመጣብኛል ቁጣ።

ሥራዬ አሁንም መምታት ነው፤ ሠርግ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ።
ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ ሙሽሮቹ ሊነሡ ሲሉ፣ እጄ አየር ላይ ሳለ፣
አየሩ ሳለ።