በጀርባ ወደ ጅቡቲ

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ ሆዴን አይታ፣
«ጋሽ ደምሰው፣ ይንቀሳቀሱ» አለች በዝግታ።
አሥራ ስድስት ዓመት ባቡር ያንቀሳቀስኩ፣
እኔን ተንቀሳቀስ! ስቄ ዝም አልኩ።

እውነቷን ነው ግን። ባቡሩ የቆመ ቀን
እኔም አብሬው ቆሜ፣
አሸዋ ሱቄ ውስጥ፣ በባትሪና በገመድ መሐል ከርሜ፣
የቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆ
በምስማር አዲስ እበሳ ነበር።

ዚያድ ከዚራ ጂም ከፍቷል፣ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፤
«አቦ ጋሼ፣ ሩጫው ይቅር፣ ጉልበትዎን ይጎዳል፣
መቅዘፍ ነው የሚሻል።»
መቅዘፍ? በድሬ?
ደቻቱ ደረቱን ገልጦ ፀሐይ በሚሞቅበት፣
ግመል ኮቴው ሳይርስ ወንዝ በሚሻገርበት፣
ውኃ በጀሪካን ብቻ በሚታይበት?

ከጥጉ አሳየኝ፤ እጀታ፣ ሰንሰለት፣
ወዲያ ወዲህ የሚል ትንሽ መቀመጫ።
ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሳይ፣
ሐዲድ።
ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ መነሻም መድረሻም የሌለው፣
ግን ሐዲድ።
በጣቴ ዳበስ አድርጌ «ቅባት አንሶታል» አልኩት፤
ከዚያ ነው የተቀመጥኩት።

«በእጅዎ አይጎትቱ፣ በእግርዎ ይግፉ፤
ሲመለሱ አይቸኩሉ፣ እዚያ ላይ ይረፉ።»
አምስት መቶ ሜትር ላይ ዓይኔ ጨለመ።
ከጎኔ ሻሿን ያጠበቀች ልጅ
ሁለት ሺህ ቀዝፋ ስልኳን ትነካካለች።

ለማንም ሳልናገር፣ በደረሰኝ ጀርባ፣
ሜትሩን እየደመርኩ በድሮው መስመር ጉዞ ጀመርኩ።
ሽንሌን ለመድረስ አንድ ወር ፈጀብኝ፤
ሐረዋን ረመዳን ሲገባ አለፍኩ።
ሚሎ ላይ ጉልበቴ አብጦ ሳምንት ቆምኩ፤
ድሮም ሚሎ ላይ እንቆም ነበር።

አስካለ ደረሰኙን አገኘችው።
ማታ ማታ በር ስትከፍት ትጠይቃለች፦
«የት ደረስክ?»
«አዲጋላ ልገባ ነው።»
«ስትመለስ ሽቶ አምጣልኝ፣ ፈታሽ እንዳይዝህ።»

ነጂ ሳለሁ ዓይኔ ከፊት ነበር፤
ጥጃ፣ ድንጋይ፣ የተጣመመ ሐዲድ፣
ሳይደርስብኝ አየዋለሁ።
ቀዛፊ ግን የሚሄድበትን አያይም።
እያየ የሚርቀው የተወውን ነው፤
በመስኮቱ የዛጉ ፉርጎዎች፣
ከነሱ ማዶ ደቻቱ፣ ነጭ፣ ደረቅ፣ የዋህ መስሎ።
ያን የነሐሴ ሌሊት ግን ውኃ ነበር።
ያን ሌሊት መቅዘፊያ ያለው ሰው አልነበረም።
ለዚያድ አልነገርኩትም፤ ያኔ በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር።

ሐኪሟ ትናንት ወረቀቱን አይታ «ጥሩ ነው» አለች፣
ሌላ አልጨመረችም።
በምስማር የበሳኋቸው ቀዳዳዎች
ሁለቱ ሥራ ፈትተዋል።

ባሕሩ ጋ ስደርስ በምን አውቃለሁ?
ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምደርስበት።
ዛሬ ሦስት ሺህ ላይ ከንፈሬን ብልሰው
ጨው ጨው አለኝ።
ገና ነው፤ አይሻም አልደረስኩ።