የታችኛዋ መስመር

ቢቸና ሌሊት ነው፤ መብራት መጣ፣ ሄደ፤
ከቆርቆሮው በላይ ዝናቡ ወረደ።
እኔ ጋቢ ለብሼ፣ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
የማኅበሩን ጤፍ በኮድ አሰልፌ፣
ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ እያልሁ
ከአንዲት ጠባብ መስመር ስጣላ አነጋለሁ።

ከኤዲተሩ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች ናት፣
ወርዷ ጣት የማይሞላ፣ አንድ አፍ ብቻ ያላት።
«‹መዝን› ሦስት ይሻል፦ ማን፣ ምን ያህል፣ በየትኛው ቀን—»
ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ጠፋ ምክሯ ብን።
ምን መጣ? «ፋይሉ ተቀምጧል» ይለኛል።
ይቀመጥ! ድሮስ መች ቆሞ ተቸግሯል?
እርሱን ሳልጨርሰው፣ በቀይ የደመቀ
«መስመር አርባ ሁለት፣ ቅንፍ ጎድሏል!» ሲል አንባረቀ፤
ቅንፉን ልዘጋ ወደ ላይ ስወጣ
«አዲስ ቅጂ አለ» የሚል ደግሞ መጣ።

እንግዲህ ያ ምክር፣ ያ ቀጭን ማስታወሻ፣
የቱን አስቀድሜ፣ የቱን መጨረሻ
ለ‹መዝን› እንደምሰጥ ሊነግረኝ የነበረ፣
ከጩኸት ተጋፍቶ አፉን ሳይከፍት ቀረ።

የሚያናድደኝስ፣ አንዱም አልዋሸኝም፤
ፋይሉም ተቀምጧል፣ ቅንፉም አልተዘጋም፣
አዲሱም ቅጂ አለ። እውነት ከእውነት ጋራ
ተጋፍቶ መምጣቱ ነው፣ ሳይጠብቅ ተራ።

አከራዬ መጡ፣ መሪጌታ ይሄይስ፣
የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ዣንጥላ ከራስ፣
«ጣሪያው ያፈስ እንደሁ...» ብለው ጀመሩና
ዓይናቸው ላፕቶፔ ላይ አረፈና፦
«ይኼ ከታች ያለው ምንድነው? ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣
አንዱ ሌላውን ሲገፋ?»
ነገርኋቸው። ሳቁ።
«እኛ ዘንድ አንድ ንባብ አራት መምህር ቢያፈካ
አራቱም ይነገራል፤ የማንም ቃል አይነካ።
‹አንድም› ብለሽ ትቀጥያለሽ፣
የፊቱን ሳትፍቂ የኋላውን ትጨምሪያለሽ።
ብራና፣ ልጄ፣ ውድ ነው፤ ቦታስ መች ይተርፋል?
ግን ደጋግመሽ የፋቅሽው መጨረሻው ይበሳል።
ያንቺው መሣሪያ ‹አንድም› አልተማረም ማለት ነው?»
አሉና ወጡ፣ ዣንጥላውን ዘርግተው።

ቅንብሩን ከፈትሁ። ጻፍሁ፦ «አንቺ መስመር፣
እስከ ሦስት ስፊ፤ ቀዩ ሲጨመር
ምክሩን አታጥፊው። መቀመጡን ግን ተዪው፤
ተቀምጫለሁ እያለ ማን ነው የሚጣራው?»

ሠራ። ምክሩ ከላይ፣ ቀዩ ከሥር ቆመ፤
‹መዝን› ሦስቱን ይዞ ጤፉን አስማማ፣ ፈጸመ።
ደስ ብሎኝ ወደ ኋላ ተደግፌ ሳለሁ
ጠብ! አለ አንገቴ ላይ። ቀና አልሁ። አየሁ።
ጣሪያው ነው። መሪጌታ ሊያዩት የመጡት፣
በ‹አንድም› ሸፍነውት፣ ሳያዩት የተዉት።

ተነሥቼ ሳፋ ፈለግሁ።