ፍሬው አልተገኘም

ማታ ሦስት ሰዓት፣ ቬላሽ ወደብ ዳር፣
የዓሣ ሚዛን ቤቱ ተዘግቶ ነበር።
"አዲስ ስሪት መጥቷል፤ ላሻሽል?" አለኝ፤
"አዎ" ብዬ ነካሁ፤ ማንስ ሊከለክለኝ።
አንዲት ቢጫ መስመር በመሃል አለፈች፣
"ቦታው ሞልቷል" ብላ፣ ዐይኔ ሥር ጠፋች።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ቢሉም፣
እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይመስልም።

ስልሳ ሦስት በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ።
ጠበቅሁት። ደጅ ባሕሩ አጉረመረመ።
ሻይ አፈላሁ። ጠጣሁ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።
አጥፍቼ አስነሣሁት (ይህን ለማንም አልናገርም)።

ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል፣ ሁለት መስመር ብቻ፦
ፍሬው አልተገኘም።
ሥሩም የለም።
ከዚያ ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ።

ከርነል የሚሉት የሊኑክስ ልብ ፍሬ ማለት ነው፤
ሩት የሚሉት ደግሞ ሥር፣ ሁሉ የሚበቅልበት።
እኔ የወደብ ልጅ ነኝ፣ ስለ ተክል የማውቀው የለኝም፤
ፍሬ ነገሩ ግን ገባኝ፦ ፍሬ ነገሩ የለም።

ዴኦሊንዳ ደወለች፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፦
"ጀልባዎቹ ዛሬ ቀድመው ነው የሚገቡት፤
ሚዛኑ ደህና ነው?"
            "ደህና ነው" አልኳት።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ብሎን፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣
የኤቫሪስቱ ፍላሽ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተኝቶ።
ከእኔ በፊት ይህን ወንበር እርሱ ነበር የያዘው፣
ጉልበቱ እስኪከዳው፣ ልጁ ቴርሴይራ እስኪወስደው።
"ለክፉ ቀን" ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ክፉው ቀን እኔ እንደምሆን መቼም አላለመም።

ማሽኑ በፍላሹ ተነሣ። ወደ ታመመው ዲስክ
በሩን ትቼ በመስኮት ገባሁ፣
ቁልፉን ቤት ውስጥ እንደረሳ ባለቤት።
ክፍሉን ሁሉ ዞርኩት፤ ሳሎኑ ደህና፣ ጓዳው ደህና፤
የማስነሻዋ ክፍል ብቻ፣ ያቺ ከሁሉ ጠባቧ፣
መቶ በመቶ ሞልታለች።
ስምንት ፍሬ ታጭቆባታል፣ ሁሉም ያረጀ፤
አዲሱ ደጃፉ ላይ ቀርቷል፣ ግማሽ ገላው ውጭ።

ኤቫሪስቱን ረገምኩት። ምን ሊሆነው ነው፣ አልኩ፣
ያለቀ ነገር መጣል የማያውቅ ሰው!
ሁሉን ልደመስስ ጣቴን አሳርፌ ሳለ፣
ከሁሉ አሮጌው ጎን አንዲት ትንሽ ፋይል አየሁ፦

"ይህን እንዳታጠፋ። ሚዛኑ የሚሰማው እርሱን ብቻ ነው።
ሌሎቹን ሞክሬያለሁ።"

ሌሎቹን።
የስንት ክረምት ሌሊት በአንዲት ቃል።

የመሃሎቹን ስድስት አንድ በአንድ አጠፋሁ፣
አዲሱን ጎትቼ ወደ ውስጥ አስገባሁ፣
የማስነሻ ዝርዝሩን እንደገና ጻፍኩ።
ተነሣ! ሰዓቱ፣ ስሙ፣ ቀለሙ ሁሉ አማረ፤
ሚዛኑ ግን እንደ ደንቆሮ ጸጥ ብሎ ቀረ።
ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ለመንኩት። ሰደብኩት።
ያ ማስታወሻ ትዝ ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው፤
ያነበብኩትን ለማመን ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።

አስነሣሁ። ከዝርዝሩ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ እስከ ታች፣
አሮጌውን መረጥኩ፤ ቀይዋ ቁጥር በራች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዴኦሊንዳ ገባች፣
ቦት ጫማዋ እንደ ራሰ፣ በረዶ እያንጠባጠበች።
"አዲስ ነገር አለ?"
"ምንም" አልኳት። ይኼኛው እውነት ነው።

ሳህኑ ባዶ ነው፤ ቁጥሩ ግን አራት ግራም ይላል፣
እንደ ድሮው።
እርሷም እንደ ድሮዋ፣ ሳታየው፣
አራቱን በልቧ ቀንሳ
የመጀመሪያውን ቱና ጫነች።