ሰባት ቤት

በሬ ሊገዛ ጅሩ ገበያ የወጣ
ጥርስ ሳይቆጥር ብር ከኪሱ አያወጣ፤
ሻኛውን ይዳብሳል፥ ኮቴውን ያነሳል፥
«ከማን በረት ነው?» ሲል ሦስት ሰው ያስምላል።
እኔ ግን ለቡችላ፥ «ውሻ ነው» ብዬ
ዐይኔን ጨፍኜ ወጣሁ ዘንቢል አንጠልጥዬ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሸምን ብርድ ልብስ
ደብረ ብርሃን ፋብሪካ፥ ጡረታዬ ሲደርስ
የቀረኝ አንድ ሱስ፦
በጥቅምት ውርጭ፥ በማለዳ፥ ጠመንጃ አንግቶ
ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆቅ ፍለጋ ወጥቶ
ውሻ ተከትሎ መዋል፥ ከሰው ሐሜት ሸሽቶ።

መጀመሪያ ያገኘሁት፥ በማዳበሪያ ጆንያ
አራት ቡችላ ይዞ፥ ከመናኸሪያው ወዲያ
የቆመ ጎረምሳ።
«አባቱ ነብር ጥሏል፤ እናቱ ሩቅ ናት፤
ሦስት ወር ሞልቶታል» አለኝ። አፉ ግን ጡት ጡት
ይሸታል፤ ሆዱ በወስፋት ተነፍቶ ከበሮ።
የልጁ ዐይን ኪሴ ላይ፥ ብሬን በሩቁ ቆጥሮ።
የት እንደማሳድረው፥ ምን እንደማበላው
አንድ ቃል አልጠየቀኝም፤ ልቤን ያኔ ቅር አለው።

በማግስቱ በሚኒባስ እነዋሪ፥ ከዚያ በእግር፥
ጀማ ገደል አፋፍ፥ ከድንጋይ ካብ አጥር፥
ከእማማ ውድነሽ ደጅ።
«ቡችላው ይቆይ፤ መጀመሪያ እናቱን እያት» አሉ።
ዳማ ከጥላው ወጣች፥ ቀስ እያለች።
እጄን አሸተተች፥ ጫማዬን፥ ሱሪዬን፤
አልተርበደበደችም፥ አልነካችም ጣቴን፤
ተመልሳ ተኛች።
«አየህ፥ የእናት ጠባይ ከጡት ጋር ይጠባል፤
የፈሪ ልጅ ቆቅ ሳይሆን ጎሬ ይፈልጋል።»

ከትራስ ሥር የተማሪ ደብተር መዘዙ፤
«ልጄ ናት የጻፈችው፥ እኔን ዐይኔ ቢይዙ።
ይቺ ዳማ የሻሾ፥ ሻሾ የጓንጉል፥
ጓንጉል የቦቢ፤ ቦቢ እንቁላል ሌባ ነው፤ እሱም ተጽፏል።
ለልጄ ባል ስመርጥ ሰባት ቤት ቆጥሬ
ለውሻስ ወንድም ከእህት ላጋባ ደፍሬ?
ያቺ ዳሌዋ ያነክሳል፤ እሷ አትሸጥም፤
ከኔ ጋር ታረጃለች፤ ከሷም ዘር አይወጣም።
ሁለት ወር ሳይሞላው አንዱም ጡት አይለቅም፥
ክትባቱን ሳይወጋ ካቤንም አያልፍም።»

የቆቅ ክንፍ በክር አስረው ወረወሩ፤
ቡችሎች ሲሻሙ፥ ከጀርባ ዞሩና
ብረት ድስት መቱ!
ሌሎቹ ተበተኑ። ያ ነጭ ደረት
ክንፉን ሳያኝክ እንደያዘ፥ ቀና አለ ወደ ብረት።

«እሱን!» አልኩ። እጄ ኪሴ ገባ።
«ቆይ። አሁን ያንተ ተራ ነው።
የፊተኛው ውሻህ፥ እንዴት ነው የሞተው?»

ጭልፊት ነበር ገደሉ ላይ። እሱን አየሁ።
«ጥይት ይባል ነበር። ጆሮው ሲደነቁር
አደን ማውጣት ተውኩ፤ ከባሕር ዛፍ ሥር
ሦስት ክረምት ታስሮ...»
አልጨረስኩትም፤
እማማም ጨርሰው አላሉኝም።

«ሰንሰለቱ አሁንም አለ?»
«አለ።»
«ሂድና ፍታው። ቤት ሥራ፤ ጣሪያው አያፍስስ።
ጥቅምት ሲያልቅ ና። ብርህን ወደ ኪስህ መልስ።
ደግሞ አንድ ቀን ካቃተህ፥ መንገድ ላይ አትጣለው፤
ደጄን ታውቀዋለህ፥ እዚሁ አምጣው።»

ከዘንቢሌ ብርድ ልብሱን አወጡ፥ ያን በእጄ የሠራሁትን፥
ከዳማ ሥር አነጠፉ፤ «ሽታዋን ይጠጣ፤
ከሷ ሲለይ ያቅፈዋል ሌሊቱን።»

ረዳቱ ሚኒባስ ውስጥ ባዶ ዘንቢሌን አይቶ
«ገበያው እንዴት ዋለ?» አለኝ ሒሳብ ሊቀበል መጥቶ።
«ልመዝን ሄጄ፥» አልኩት፥ «ተመዝኜ መጣሁ።»
መልሴን ሰጥቶኝ አለፈ።

ሲመሽ ከባሕር ዛፉ ሥር ሰንሰለቱን ፈታሁ።
ዝገቱ መዳፌ ላይ ቀረ። ልጡን የበላው ክብ
ገና አልሻረም፤
መሬቱም ላይ የእግሩ መንገድ፥ ሣር ያልበቀለበት።
በርምጃ ዞርኩት።
አጭር ነበር።