ነፋሱ የቀረ ዕለት

በፑንታ አሬናስ፣ በምድር ጠርዝ ላይ፣
ነፋስ አያንኳኳም፤
ይገባል እንደ አበዳሪ፣ ይገባል እንደ ባለ ጉዳይ።
ኅዳር ላይ ሲብስበት በየመንገዱ ማዕዘን ገመድ ይወጠራል፤
አሮጊት፣ ተማሪ፣ ሻንጣ ያዥ ጠበቃ
ገመዱን ጨብጦ፣ እየተጎተተ ያልፋል።
እኔ ግን ሯጭ ነኝ።
ገመድ ይዞ መሮጥ የት አገር ተሰማ?

አርባ ስድስት ኪሎ።
ሠራተኛው ወጥቶ የሸርጣን ፋብሪካው ጭር ሲል፣
ሚዛኑ ላይ ጉብ እላለሁ፣ እንደ ቅርጫት፣ ቀስ ብዬ፤
ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፣
«ሯጭ ላባ ነው» እላለሁ ለጥላዬ።
ግማሽ ዳቦ በልቼ፣ ግማሹን ደብቄ፣
ነፍሴን ከአጥንቴ ጋር በቀበቶ አጥብቄ
እሮጣለሁ።

አንድ ማታ፣ ባሕሩን ይዤ ስመለስ፣
ነፋሱ አነሣኝ።
ወስዶ አጥር ላይ ሰቀለኝ፣ እንደ ታጠበ ልብስ።
ዶን ሚርኮ በመስኮቱ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ፤
አርባ ዓመት በወደቡ ጆንያ የተሸከመ፣ ጀርባው እንደ በር የሰፋ።
መጣና፣ ከሽቦው ላይ ሹራቤን እየለየ፣
«መልሕቅ የሌላት ጀልባ» አለኝ፣ «ትፈጥናለች፤ እውነት ነው።
ግን ፍጥነቷ የማን ነው?»

የጋራዡ ሽታ ዝገት፣ የበግ ጠጉር፣ ናፍጣ።
ክብደት ማንሻ የለውም፤ የመርከብ ሰንሰለት ነው ያለው፣
እሱ ጡረታ ሲወጣ አብሮት የወጣ።
ሰንሰለቱን በትከሻዬ ጠምጥሞ፣
«ቁጭ በይ፤ ተነሺ» ይላል፣ በሩ ላይ ቆሞ።
በአያቱ ቋንቋ፣ በክሮአቶች አፍ ይቆጥራል፤
ሰባት ላይ ሲደርስ ስምንት ይጠፋበታል፣
«ይቅርታ» ይልና ከአንድ ይጀምራል።
መርሳቱን አምኜ ነበር፣ እስከ ሦስተኛው ሳምንት።

ጭኔ ተቃጠለ፤ ደረጃውን ፊት ለፊት መውረድ ፈራሁ፤
ሽንት ቤት ስቀመጥ እናቴን ጠራሁ።
ሥጋ በላሁ፣ ምስር በላሁ፣ ሌሊት ተነሥቼ እንቁላል፤
ባሌ ኦስቫልዶ፣ ባዶ ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ «ቀበሮ ገብቷል» ይላል።
አርባ ስምንት። ሃምሳ። ሃምሳ አንድ ተኩል።
ሱሪዬ ጭኔ ላይ አልወጣ አለኝ።
ሰዓቴም ከዳኝ፤ በአሥር ኪሎሜትር ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀረሁ፤
ሸርጣን ስመዝን ሚዛኑን እንደ ጠላት አየሁ።
ከዚያ፣ በሰኔ፣ በጨለማው ወር፣ የመስቀሉን ኮረብታ ስወጣ፣
ሁልጊዜ ትንፋሽ የምሰበስብባት ቢጫ ቤት
እግሬ ሳይነግረኝ አለፈች፤
ዞሬ አየኋት፤ ከበታቼ ቆማለች።

ውድድሩ ኅዳር ነው፤ በነፋሱ ወር።
ዓመቱን ሙሉ ለእሱ ነበር ሰንሰለት የተሸከምኩት፤
ትከሻዬን ለእሱ፣ ወገቤን ለእሱ፣ እንደ ግንብ ያቆምኩት።
ይምጣ ብዬ ነበር። ፊት ለፊት።
እሑድ ጠዋት ግን ባንዲራው ሁሉ፣ እንደ ረጠበ ፎጣ፣
ቁልቁል ተንጠልጥሏል። የለም። ቀረ። አልመጣ።
ሴቶች መስኮት ከፍተው፣ «ዛሬ ምን ነካው?» ይባባላሉ።

ከሪዮ ጋዬጎስ የመጡት ላባዎች፣
ቀጫጭን፣ ፈጣኖች፣ እንደ አምናዋ እኔ፣
በግራ አለፉኝ፣ በቀኝ አለፉኝ፤
በጸጥታው መሐል ይሰማኝ ነበር የገዛ ጭኔ፣
እንደ ከባድ በር።
ነፋስን ረገምኩ፣ ስለ መቅረቱ፣
በሠላሳ አራተኛው ኪሎሜትር።
እግሬ አልከዳኝም፤ አልበረረምም። ሄደ። ብቻ ሄደ።
ዶን ሚርኮ ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ ፔርሙሱን ታቅፎ፣
የገባውን ሁሉ ሲቆጥር ነበር፣ በአያቱ አፍ፤
«አሥራ አራት» አለኝ፣
ስምንትን ሳይረሳ፣ አንዲት ቁጥር ሳይገድፍ።

ሰኞ ማለዳ ተመለሰ፣
ቆርቆሮ እየገለጠ፣ የቆሻሻ በርሜል እየነዳ።
ከፖስታ ቤቱ ማዕዘን ገመዱ ተበጥሷል፤
አንዲት አሮጊት የመብራት እንጨት አቅፋለች፤
ባርኔጣዋ ሄዷል፣ እሷም ልትከተለው ነው።
ክንዴን ሰጠኋት። ተንጠለጠለችበት።
ተሻገርን፣ ዝግ ብለን፣ እንደ ጥንድ ከብት።
ማዶ ስንደርስ ክንዴን ጫን ጫን አደረገችው፣ እንደ ገበያ ሐብሐብ፣
«የወደብ ሠራተኛ ነሽ?»
«ሯጭ ነኝ» አልኳት።
«ምን?»
«ሯጭ!»
ጆሮዋን ይዛ ሳቀች፤
የመለሰችልኝን ነፋሱ ወሰደው።